«በዓይኔ በብረቱ»፦ ምስክርን የሚፈትኑ የውጭ ፊልሞች

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሲያቃጭል ጉዳዩ የሥራ እንዳልሆነ አስቀድሜ አውቃለሁ። «ለቅዳሜና እሑድ ምን እንይ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። አንዱ ሐኪም ነው፤ አንዷ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ሌላው መሐንዲስ ሆኖ ከግንባታ ቦታ ይልቅ ቴሌቪዥን ፊት የሚያሳልፈው ጊዜ የሚበዛ ሰው ነው። ድሮ ይህን ጥያቄ የሚመልስልን የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ልጅ ነበር። ካሴቱን ከመደርደሪያው አውርዶ «ይኼ አሪፍ ነው» ካለን አለቀ፤ ከፍለን ይዘን እንገባለን። ዛሬ ፊልሙ ሁሉ ስልካችን ውስጥ ገብቶ ምርጫው ስለበዛ ምሽቱ የሚያልቀው ፊልም በማየት ሳይሆን ፊልም በመምረጥ ነው።

ሕግ ስለተማርኩ ይመስለኛል ወዳጆቼ ከእኔ በተለይ የሚጠብቁት የፍርድ ቤት ፊልም ነው። በሐሳባቸው ያለው ደግሞ መልከ መልካሙ ጠበቃ ተነሥቶ ረዥም ንግግር የሚያደርግበት፣ እናት የምታነባበት፣ ዳኛው መዶሻውን የሚመታበት ዓይነት ነው። አልፈርድባቸውም። ሙግት ማየት ከጥንትም የምንወደው ነገር ነው። በበላ ልበልሃ ዘመን ሁለት ሰዎች ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ሲሟገቱ ጉዳዩ የማይመለከተው መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ያዳምጥ ነበር። አንደበተ ርቱዕ ተሟጋች የተገኘ ዕለትማ ከዚያ የበለጠ ትዕይንት ከየት ይመጣል?

እኔ የምመርጠው ግን ለየት ያለ ነው። በቋንቋችን ከምስክርነት ቃል ሁሉ የሚከብድ አንድ አነጋገር አለ፤ «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» የሚል። ይህን ያለ ሰው ክርክሩን ዘጋው ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጠቁማችሁ ፊልሞች በየፊናቸው ይህን አነጋገር የሚፈትኑ ናቸው።

ይህ ምርጫ ከፊልም ፍቅር ብቻ የመጣ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ለጥቂት ጊዜ በዳኝነት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን የበሬ ስርቆት ክስ ቀረበልኝ። ምስክሩ በአካባቢው የተከበረ፣ ቃሉ የማይወላወል ጎልማሳ ነበር። «ሌሊት ቢሆንም በዓይኔ በብረቱ አየሁት» አለ። ተከሳሹ ወጣት ሲንተባተብ እሱ አልተንተባተበም። ጥፋተኛ ብዬ አሰርኩት። ከዓመት በኋላ ያው ምስክር ገበያ ላይ አገኘኝና ሰላምታ ተለዋውጠን ስለዚያ ሌሊት ሲያወጋኝ፣ ያየው ኮቱን እንጂ ፊቱን እንዳልነበረ እንደ ዋዛ ነገረኝ። «ኮቱ የዚያ ልጅ ኮት ነው፤ ሌላ ማን ይለብሰዋል?» አለኝ። ሰውየው አልዋሸም። እኔ ነኝ በችሎቱ ላይ «ፊቱን አይተሃል ወይ?» ብዬ ያልጠየቅኩት። ልጁ ያን ጊዜ ቅጣቱን ጨርሶ አገሩን ለቆ ሄዷል።

ወደ ፊልሞቹ ልግባ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከሁሉም አስቀድሜ የማነሣው ዘጋቢ ፊልም ነው፤ አሜሪካዊው ኤሮል ሞሪስ በ1988 ያወጣው «ዘ ቲን ብሉ ላይን»፣ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ቀጭኗ ሰማያዊ መስመር»። ታሪኩ እንዲህ ነው። በኖቬምበር 1976 ራንዳል አዳምስ የተባለ የ27 ዓመት ሠራተኛ በዳላስ ከተማ ቤንዚን አልቆበት በእግሩ ሲሄድ ዴቪድ ሃሪስ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ በመኪና ያሳፍረዋል። መኪናዋ የተሰረቀች ነበረች። ሁለቱ አብረው ዋሉ፤ ቢራ ጠጡ፤ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ የሚያይበት ሲኒማ ገቡ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሮበርት ውድ የተባለ ፖሊስ መብራት ሳታበራ የምትሄድ መኪና አስቁሞ ወደ ሾፌሩ ሲጠጋ በጥይት ተመቶ ወደቀ። መኪናዋ ያቺው የተሰረቀችው ናት። መሪውን የያዘው ማን ነበር? ሃሪስ ለጓደኞቹ «ፖሊስ ገደልኩ» ብሎ ሲጎርር ቆይቶ፣ ሲያዝ «አዳምስ ነው» አለ። አዳምስ በበኩሉ በዚያ ሰዓት ማረፊያው ገብቶ እንደነበር ተናገረ።

ከዚያ የዓይን ምስክሮች መጡ። በዚያ ጨለማ መንገድ በመኪና እያለፉ ሾፌሩን ለአፍታ አየነው ያሉ ሰዎች አዳምስን በጣታቸው አመለከቱ። ሃሪስ በዕድሜው ምክንያት ሞት ሊፈረድበት አይችልም፤ አዳምስ ይችላል። ሞት ተፈረደበት። በ1979 የሚገደልበት ቀን ተቆርጦ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እግድ ተሰጠ። በ1980 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁሪ አመራረጥ ጉድለት ምክንያት የሞት ቅጣቱን ሻረው። የቴክሳስ አገረ ገዢም ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠ። ምሕረት ይመስላል። ቅጣቱ በመለወጡ ግን ጉዳዩ እንደ አዲስ ሳይታይ ቀረ። ሕግ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ጥርሱን ይነክሳል።

ሞሪስ ወደ ቴክሳስ የሄደው ለአዳምስ ብሎ አልነበረም። በሞት ክሶች ላይ እየቀረበ «ይህ ሰው ወደፊትም ይገድላል» በማለት ስለሚመሰክር አንድ የአእምሮ ሐኪም ፊልም ለመሥራት ነበር። እስረኞችን ሲያነጋግር አዳምስን አገኘው። ሞሪስ በአንድ ወቅት የግል መርማሪ ሆኖ የሠራ ሰው ስለነበር መዝገቡን መቆፈር ያውቅበታል።

የፊልሙ ብልሃት ያለው ግድያውን ደግሞ በሚያሳይበት መንገድ ላይ ነው። በአብዛኛው ዘጋቢ ፊልም በተዋንያን አንድን ድርጊት ደግሞ ሲያሳየን «ነገሩ እንዲህ ሆነ» ማለቱ ነው፤ እኛም እንቀበላለን። ሞሪስ ግን ያንኑ ሌሊት ደጋግሞ ያሳየናል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚያሳየን አንድ ሰው ነበረ ያለውን ነው። አንዴ መኪናው ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ ሌላ ጊዜ ሁለት። ተመልካቹ ምስሉን ባየ ቁጥር ያምናል፤ ቀጣዩ ምስል ሲመጣ ያመነውን ይጥላል። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ማመን ራሱ ያሳፍራችኋል። ከምስክሮቹ አንዷ ከልጅነቷ ጀምሮ የመርማሪ ፊልም እንደምትወድና መርማሪ መሆን እንደምትመኝ በደስታ ስትናገር ሞሪስ አያቋርጣትም፣ አይሞግታትም። ካሜራውን አቁሞ ያዳምጣታል። እንዲህ ያለ መስቀለኛ ጥያቄ በሕይወቴ አላየሁም።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ የሰው ፊት የለም። አንድ የድምፅ መቅጃ ብቻ ይሽከረከራል፤ በውስጡም የሃሪስ ድምፅ። የሚለውን እናንተው ስሙት። አዳምስ ከአሥራ ሁለት ዓመት እስር በኋላ በ1989 ተፈታ። ፊልሙ ግን ለኦስካር እጩ እንኳ አልሆነም። ጨዋታ ካላችሁ አይቀር፣ አዳምስ ከተፈታ በኋላ «የሕይወት ታሪኬ መብት የማን ነው?» በሚል ከሞሪስ ጋር ተካሰሰና ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ይህን ሳነብ እንደ ጠበቃ ሳቅሁ፤ እንደ ሰው ግን ብዙም አላሳቀኝም። ሃሪስ በሌላ ግድያ ሞት ተፈርዶበት በ2004 ተገደለ።

የጥቁርና ነጭ ፊልም የማይሰለቸው ሰው ከዚህ ቀጥሎ የሲድኒ ሉሜትን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ይይ፤ «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» እንበለው፤ 1957። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። አባቱን በመግደል የተከሰሰ የ18 ዓመት ልጅ፣ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሙቀት፣ አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት። አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ አንዱ «እስቲ እንነጋገርበት» ይላል። እኛ አገር የሚፈርደው ዳኛ እንጂ ጁሪ ስላልሆነ ሥርዓቱ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የሚለው ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ግን ያው ነው። ፊልሙን ድሮ ያያችሁም ስለ አንዲት ምስክር አፍንጫ ብላችሁ እንደገና እዩት። ግድያውን በመስኮት በዓይኗ አየች የተባለችው ሴት አፍንጫ ላይ ሁለት ትናንሽ ምልክቶች አሉ። ችሎቱ ሁሉ ያያት ሴት ናት፤ ምልክቱን ግን ልብ ያለው የለም።

አሁን ወደ ኢራን እንሂድ። አስገር ፋርሃዲ በ2011 የሠራው «ኤ ሴፓሬሽን» ማለትም «መለያየት»፣ በዚያው ዓመት የበርሊንን ወርቃማ ድብ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ለውጭ ቋንቋ ፊልም የሚሰጠውን ኦስካር ወስዷል። ሽልማቱን እርሱት። ፊልሙ ሲከፈት ባልና ሚስት ተቀምጠው ቀጥታ ወደ ካሜራው እያዩ ይከራከራሉ። የዳኛው ድምፅ እንጂ ፊቱ አይታይም። የተቀመጣችሁት የዳኛው ወንበር ላይ ነው።

ሚስት ሲሚን ወደ ውጭ አገር መሄድ ትፈልጋለች፤ ባል ናደር የመርሳት በሽታ ያለበትን አባቱን ጥሎ መሄድ አይችልም። ሲሚን ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ ናደር ሽማግሌውን የምትጠብቅ ራዚየህ የምትባል ድሃ፣ ሃይማኖተኛ ሴት ይቀጥራል። ራዚየህ ነፍሰ ጡር ናት፤ ለባሏ ሳትነግር ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ናደር ቤት ሲገባ አባቱ እጁን ከአልጋው ጋር ታስሮ መሬት ላይ ወድቋል፤ እሷ የለችም። ስትመለስ ይጨቃጨቃሉ፤ ከበር ወደ ውጭ ይገፋታል። ጽንሱ ይወርዳል። ናደርም ጽንሱን በመግደል ይከሰሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም የሕግ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ጥያቄዎች ናቸው። ነፍሰ ጡር መሆኗን ያውቅ ነበር ወይ? ለጽንሱ መውረድ ምክንያቱስ የእሱ ግፊያ ነው ወይ? ፋርሃዲ ሁለቱንም ጥያቄዎች ከሰዎቹ ኑሮ ጋር ስላጠላለፋቸው አንዱን ስትመዝዙ ሌላው ይጠብቃል። ፊልሙ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም በጥቂቱ ይዋሻሉ፤ ሁሉም የሚዋሹበት ምክንያት ይገባችኋል።

እኛ ቤት ይህን ፊልም ያየን ዕለት ከባለቤቴ ጋር ክርክር ገጠምን። እሷ ለራዚየህ፣ እኔ ለናደር ቆምን። ቆይቼ ግን እሷን ለመርታት ስል «ከደረጃው ላይ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ መውደቋን አልካድኩም፤ ግን ሐሳብ አልነበረውም» እያልኩ ሕግ መዘርዘር ጀመርኩ። ቤታችን የምታግዘን ልጅ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ታይ ነበር። እንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ስለማታነብ ፊታቸውን ብቻ ነበር የምትከታተለው። «ጋሼ፣ ሲገፋት በሩ ተዘጋ እኮ፤ ስትወድቅ አላየንም» አለችኝ። ወደ ኋላ መልሰን አየነው። እውነቷን ነው። ገፋት፤ በሩ ተዘጋ፤ አለቀ። አወዳደቋን በሐሳቤ የሣልኩት እኔ ነኝ፤ አየሁ ብዬ የተከራከርኩትም እኔው። ባለቤቴ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ማውራት እስከዛሬ አልተወችም።

ዳይሬክተሩ ከዚህም ሌላ አንድ ዋና ነገር ሆን ብሎ ከዓይናችን ቆርጦ ደብቋል። የት ቦታ እንደሆነ አልነግራችሁም። ወደ መጨረሻው ጉዳዩ ከሕግ አልፎ በቅዱስ መጽሐፍ ከመማል ጋር ይገናኛል። መሐላ ለሚፈራ እንደኛ ላለ ማኅበረሰብ ያን ትዕይንት ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልግም።

ከኢራን ሳንወጣ አንድ ልጨምር፤ የአባስ ኪያሮስታሚ «ክሎዝ አፕ»፣ 1990። ሥራ የሌለው ሆሴን ሳብዚያን የተባለ ሰው በአውቶቡስ ውስጥ ለአንዲት እመቤት «እኔ ታዋቂው ዳይሬክተር ሞህሰን ማክማልባፍ ነኝ» ይላታል። ቤተሰቡ አምኖ ይቀበለዋል፤ ቤታቸውን ሊቀርጽበት ያጠናል። ተነቅቶበት ሲታሰር ኪያሮስታሚ ዳኛውን አስፈቅዶ ችሎቱ ውስጥ ካሜራ ይተክላል። አስገራሚው ነገር አታላዩም፣ የተታለሉትም፣ እውነተኛው ማክማልባፍም ራሳቸውን ሆነው መተወናቸው ነው። የቱ የተቀረጸ እውነት፣ የቱ ደግሞ ትወና እንደሆነ ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ሳብዚያን ለምን እንዳደረገው ለዳኛው ሲያስረዳ አድምጡት። ገንዘብ ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ ሰው አክብሮ እንዲያዳምጠው ፈልጎ ነው።

የአገራችንን ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሊያየው የሚገባው ግን የሕንዳዊው ቻይታንያ ታምሃኔ «ኮርት» ነው፤ 2014። አንድ የቆሻሻ ውኃ ቱቦ ጠራጊ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ፖሊስ የሞተው የአንድ ሽማግሌ ድምፃዊን ዘፈን ሰምቶ ራሱን ስላጠፋ ነው ብሎ ዘፋኙን ያስራል። ክሱ ያስቃል፤ ችሎቱ ግን በቁም ነገር ይካሄዳል፤ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ደግሞ ሌላ። እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሳ የቀረበች ባለጉዳይ በአለባበሷ ምክንያት ጉዳይዋ ሳይሰማ ይቀጠርባታል። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ አይንቀሳቀስም፤ እንደ ባለጉዳይ ወንበር ላይ ያስቀምጣችኋል። ዐቃቤ ሕጓ ከችሎት ወጥታ በባቡር ተጋፍታ ቤቷ ስትገባ፣ ለልጆቿ ስታበስል እናያለን። ጨካኝ ሴት አይደለችም።

የሟች ሚስት ስትመሰክር ነው ፊልሙ የሚከብደው። ባሏ ያለ ምንም መከላከያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባ እንደነበር፣ በጉድጓዱ መጥፎ አየር የተነሣ አንድ ዓይኑን እንዳጣ ትናገራለች። ከመግባቱ በፊት ጠጠር ይወረውራል፤ በረሮ ከወጣ አየር አለ ማለት ነው፤ ይገባል። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምጿ ከፍ ዝቅ አይልም፣ እንባም የላትም። ከተማው ሁሉ በዚያ ሰው ጭንቅላት ላይ ይራመድ ነበር፤ ያየው ግን የለም።

የአፍሪካ ፊልም ለሚጠይቁኝ መልሴ የአብደራህማን ሲሳኮ «ባማኮ» ነው፤ 2006። በማሊ ዋና ከተማ፣ በዳይሬክተሩ አባት ቤት ግቢ ውስጥ ችሎት ተሰይሟል፤ ተከሳሾቹ የዓለም ባንክና የገንዘብ ድርጅቱ ናቸው። ጠበቆቹና ዳኞቹ እውነተኛ የሕግ ሰዎች ናቸው። በአጠገባቸው ሴቶች ጨርቅ ያቀልማሉ፣ ሕፃን ይድሃል። ክርክሩ አንዳንዴ ይረዝማል፤ አልዋሽም፣ እኔም አንድ ጊዜ አዛግቻለሁ። ነገር ግን አንድ ምስክር ተጠርቶ ይቆምና አንዲት ቃል ሳይናገር ይመለሳል። እሱን ብላችሁ ታገሡ።

የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ብቻችሁን ባታዩት እመርጣለሁ። ጆሹዋ ኦፐንሃይመር በ2014 ያወጣው «ዘ ሉክ ኦፍ ሳይለንስ» ዘጋቢ ፊልም ነው። በኢንዶኔዥያ በ1965 እና 1966 ኮሚኒስት ናችሁ ተብለው ከአምስት መቶ ሺሕ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች ተገድለዋል። አዲ የተባለ የመነጽር ባለሙያ ከመወለዱ በፊት ታላቅ ወንድሙ የተገደለው ያን ጊዜ ነው። አዲ የዓይን መለኪያውን ይዞ ወደ ሽማግሌዎቹ ገዳዮች ቤት ይሄዳል። ሌንሱን እየቀያየረ «አሁንስ ጠራልህ?» እያለ፣ በመሐል ስለ ግድያው ይጠይቃቸዋል። አንዳንዶቹ በኩራት ይተርካሉ፤ ወንድሙ መሆኑን ሲነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። በፊልሙ ማብቂያ ስም ዝርዝር ላይ ብዙዎቹ የአገሬው ባለሙያዎች «ስሙ ያልተገለጸ» ተብለው ነው የተጻፉት። እኛ አገር የቀይ ሽብር ችሎት በ1994 ተከፍቶ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በ2006 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት በመውሰዱ ስንቶቻችን አማርረናል። አዲ ግን ያን የሚያህል ቀጠሮ የሚያማርርበት ችሎት እንኳ አላገኘም። መነጽሩን ይዞ በየቤቱ መዞር ነው የቀረለት።

የግርጌ ጽሑፍ ማንበብ ይደክመናል የምትሉ ወዳጆቼ፣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ብቻ ታገሡ፤ ዓይን ቶሎ ይለምዳል። በሌላ ሰው ድምፅ ወደ እንግሊዝኛ የተገለበጠ ካገኛችሁ ግን ተዉት፤ የራዚየህ ድምፅ ከጠፋ ግማሹ ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው። ለጀማሪ ከአሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች መነሣት ይቀላል፤ «ኮርት»ን ለሥራ በማትቸኩሉበት ቀን አድርጉት። «ኤ ሴፓሬሽን»ን ከባለቤታችሁ ጋር የምታዩ ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ሳይሆን እሑድ ከምሳ በኋላ ጀምሩት፤ ክርክሩ ሰዓት ይፈልጋል።